የሚጣፍጥ ጾም

በአንድ የሑዳዴ እሑድ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ወዳጄ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ነበር። የወዳጄ ባለቤት ከፎርኖ ያወጣችውን ትሪ መካከላችን አስቀመጠች። ከሥር ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በስሱ ተቆርጠው ተነባብረዋል። ከላይ በዘይት የታሸ የዳቦ ፍርፋሪ ተነስንሶበት፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሹካ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ሥጋ የለበትም፤ ወተትና ቅቤም አልነካውም። ሕግ የጣሰ አንድም ነገር አልነበረበትም። ከተጋባዦቹ መካከል ግን በዕድሜም በንባብም ሁላችንንም የሚበልጡ አንድ ሽማግሌ ሁለተኛውን ጉርሻ ከዋጡ በኋላ ሹካቸውን አስቀመጡና፣

«ልጆቼ፣ እንዲህ ከጣፈጠንማ ከምኑ ላይ ነው የጾምነው?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። የቤቱ እመቤት ግን አልሳቀችም፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየላትም። እውነቱን ለመናገር ለኔም አልለየልኝም። ምሳው ተነሥቶ፣ ቡናው እስከ ሦስተኛው ወርዶ፣ ወሬው ወደ ሌላ ሲሄድ እኔ እዚያው ጥያቄ ላይ ቀርቼ ነበር። የጾም ምግብ ሲጣፍጥ ጾሙ ይጎድላልን? ጥያቄዋ ለአንዳንድ አንባቢ ተራ የቤት ጨዋታ ትመስለው ይሆናል። በኔ ግምት ግን ደስታና ግዴታ፣ ሕግና ኅሊና የምንላቸው ትልልቅ ነገሮች በዚያች ትሪ ላይ እንደ ድንቹና እንደ ካሮቱ ተነባብረው ነበር።

አስቀድሞ የጾማችንን ስፋት እናስታውስ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም፣ ፍልሰታንም ስንደምርበት አጥብቆ የሚጾም ሰው ከዓመቱ እኩሌታ የሚያህለውን ከሥጋና ከወተት ርቆ ያሳልፋል። እንዲህ ያለ ረጅም ክልከላ ያለበት ሕዝብ ወጥ ቤቱ ባዶ ይሆናል ብሎ የሚገምት እንግዳ ቢመጣ ይሳሳታል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ስልጆው፣ እልበቱ፣ የተልባውና የሱፉ ፍትፍት ከየት መጡ? ሥጋና ቅቤ የተከለከለች እጅ ከአተር፣ ከባቄላና ከቅባት እህል ምን ሊወጣ እንደሚችል በየትውልዱ ስትፈልግ ኖራለች። አፍን የገታው ሕግ እጅን አሠልጥኗል። እንግዲህ ጾም ራሱ ጣዕምን ከወለደ፣ ልጁ አባቱን ይገድለዋል ማለት ይቻላልን?

ለሽማግሌው ጥያቄ በሀገራችን ሁለት መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «አዎን፣ ይጎድላል» የሚለው ነው። ጾም ሥጋን መጎሰሚያ ነው፤ ምላስን እያባበሉ ሥጋን እንጎስማለን ማለት ራስን ማታለል ነው ይላል። ይህ መልስ ክብደት አለው። በየገዳሙ ጥሬና ቅጠል እየቀመሱ የኖሩ አባቶች ምስክሮቹ ናቸው። ነገር ግን ነገሩን እስከ ጫፉ ብንወስደው አንድ የማያስኬድ ቦታ ላይ ያደርሰናል። ምግቡ ባስጠላ መጠን ጾሙ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ሽሮ የምታሳርር ባልቴት ከመንደሩ ሁሉ ጻድቅ ልትሆን ነው። ሙያ ኃጢአት፣ ስንፍና ትሩፋት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሰው ከልቡ አይቀበለውም።

ሁለተኛው መልስ «ሕጉ የከለከለው የታወቀ ነው፤ ያልተከለከለው የተፈቀደ ነው» የሚለው ነው። ይህ መልስ ለከተማ ሰው ይመቻል። ዛሬ በየሆቴሉ የጾም ቡፌ፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ አለ። እንደ ክትፎ ተደርጎ የተሠራ፣ ክትፎ የሚመስል፣ ክትፎ ያልሆነም አለ። ሕጉ በአንዱም አልተሻረም። ይሁን እንጂ በአንድ የጾም ቡፌ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከፍስክ ምሳ ዋጋ ሲበልጥ፣ የታቀበው ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ሕጉ ተከብሮ ሳለ ሕጉ የቆመለት ነገር በኋላ በር ሾልኮ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛ መልስም አለ፤ ጥያቄውን ከሥሩ የሚነቅል። ከጣና በስተ ምሥራቅ በእንፍራዝ በ17ኛው መቶ ዘመን ኖረ የሚባለው ዘርዓ ያዕቆብ፣ በስሙ በሚጠራው ሐተታ ውስጥ የጾም ሕግ ከፈጣሪ የመጣ አይደለም ይላል። መብላት ከፈጣሪ የተሰጠ የተፈጥሮ ፍላጎት ነውና በዚህ ቀን ብሉ፣ በዚያ ቀን አትብሉ የሚለውን የሠሩት ሰዎች ናቸው ባይ ነው። መጽሐፉን በእርግጥ እሱ ጻፈው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን በሀገራችን የነበረው ጣልያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ አልበረደም። የጻፈው ማንም ይሁን ማን ሐሳቡ ብርቱ ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል ይመስለኛል። ሐተታው ስለ በዪውና ስለ ፈጣሪው ይናገራል። ከደጅ ስለቆመው ስለ ሦስተኛው ሰው በዚያ ቦታ ላይ ዝም ይላል።

ከሩቅ ሀገር ደግሞ ኤፒኩሮስን እንጥራ። ይህ የግሪክ ፈላስፋ የደስታ ጠበቃ ስለነበረ ስሙ ከሆዳሞች ጋር ይነሣል። የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጀነስ ላኤርትዮስ እንደሚለው ግን ሰውየው ባመዛኙ በዳቦና በውኃ የሚኖር ነበር። ለአንድ ወዳጁም ትንሽ አይብ ላክልኝ፣ ባሰኘኝ ጊዜ ድግስ እንዳደርግባት ብሎ ጽፏል ይባላል። ከዚህ የምንማረው፣ ጣዕም ምን እንደሆነ በደንብ የሚያውቀው ከልኩ ያላለፈ ሰው መሆኑን ነው። ለጠገበ ሰው አይብ አይብ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ግን የሽማግሌውን ጥያቄ አይዘጋውም። ኤፒኩሮስ አይቡን ለማን እንዳካፈለ አልተነገረንምና።

ለጥያቄው መልስ ያገኘሁ የመሰለኝ ከነዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ሑዳዴ፣ አንበሳሜ ላይ ነው። መልሱ የመጣልኝም ባጠፋሁት ጥፋት በኩል ስለሆነ እንደሆነው አድርጌ ልናገር።

አንበሳሜ በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ የእስቴን መንገድ ሲይዝ ያገኛታል። የእናቴ ታናሽ እኅት የሚኖሩት እዚያ ነው። ያን ጊዜ ጥቂት ቀን ላርፍ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ሳለ፣ በወዳጄ ቤት የበላሁትን የአትክልት ጋገራ ሠርቼ ላስደንቃቸው ተነሣሁ። ሽማግሌው ያነሡትንም ጥያቄ ለአክስቴ አቅርቤ መልሳቸውን ለመስማት ፈልጌ ነበር።

ከገበያ የሚያስፈልገኝን ሁሉ አገኘሁ። ድንቹ ከጉና ግርጌ ካሉት ደጋዎች፣ ሽንኩርቱ ከፎገራ ሜዳ የወረደ ነው። ስለ ድንቹ አንድ ነገር ልበል። ድንች ለሀገራችን ሩቅ ዘመድ አይደለም፤ እንግዳ ነው። ያመጣው በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው ይባላል። ደገኛው ገበሬ ግን ለብዙ ዓመት ፊት አልሰጠውም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ በሬ ጠፍቶ፣ እህል የታጣበት «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ በመጣ ጊዜ፣ ያልተፈለገው እንግዳ ወደ ብዙ ማሳ ገባ። ዛሬ ደቡብ ጎንደር ከሀገሪቱ የድንች አምራች አካባቢዎች አንዱ ነው። እህል ሳይደርስ ቀድሞ ስለሚደርስ የብዙ ቤት ክረምት የሚሻገረው በሱ ነው። እንግዲህ እኔ ልቀናጣበት የገዛሁት ነገር ከመከራ ጋር አብሮ ወደ ቤት የገባ ነበር። ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩም።

አክስቴ ቤት ፎርኖ የለም። ነገር ግን ድፎ ዳቦ መጋገር ለሚያውቅ ቤት ፎርኖ አያስፈልገውም። መከራ ከሁለት በኩል የያዘውን ሰው «እንደ ገና ዳቦ ከላይም እሳት ከታችም እሳት» የምንለው ከዚሁ ዘዴ ነው። የአክስቴ ልጅ የሸክላውን ምጣድ ጣደችልኝ፤ ኮባ አነጠፍንበት። ድንቹን፣ ካሮቱንና ጎመኑን በስሱ ከትፌ ደረደርኩ። በከተማው ሙያ በየመካከሉ የሚፈስሰው በወተት የተበጀ መረቅ ነው። በጾም ወተት ስለሌለ ተቆልቶና ተወቅጦ የተጣራ ሱፍ ከነነጭ ሽንኩርቱ አፈሰስንበት። ይህን ብልሃት ያመጣችው እሷ ናት።

የቀረው የላዩ ነው። የደረቀ ዳቦ አልነበረም። ዞር ብዬ ሳይ ከጓዳው ግድግዳ ላይ አንዲት ጆንያ ተሰቅላለች፤ ውስጧ ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ የሚባለው በፀሐይ የደረቀ እንጀራ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ውኃው ስለወጣለት ሻጋታ አያገኘውም፤ ወራት ይቀመጣል። የመንገደኛም የዘማችም ስንቅ ሆኖ የኖረው በዚህ ጠባዩ ነው። ለከብት የሚቀመጠው ደረቅ ሣርም በዚሁ ስም ይጠራል። አክስቴ ቅዳሴ ሄደዋል፤ የምጠይቀው ሰው የለም። የአክስቴም ልጅ ውኃ ልትቀዳ ወጣ ብላለች። ሁለት እፍኝ ወሰድኩ፤ አነሰ። ጨመርኩ። በመጨረሻ የጆንያይቱን እኩሌታ በሙቀጫ አድቅቄ፣ በዘይት፣ በበርበሬና በጨው አሽቼ ምጣዱን አለበስኩት። ብረት ምጣድ ደፋንበትና ፍሙን ከላይ ቆለልን።

እዚህ ላይ እሳቱ የሚሠራውን ሥራ ልብ እንበል፤ በኋላ ይጠቅመናል። እርጥብ ነገር ውኃው እስካለ ድረስ ከውኃ መፍያ በላይ አይሞቅም። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደብረ ታቦርን በመሰለ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በደጋ ድንች ለመብሰል የሚዘገየው ስለዚህ ነው። የላዩ ፍርፋሪ ደረቅ ስለሆነ ይህ ገደብ የለበትም። ሙቀቱ 140 ዲግሪን አልፎ ሲወጣ ቡናማነቱና መዓዛው ይመጣል። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ማያር ይህን ለውጥ በ1912 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። አንዱ እሳት ከሥር ያለውን ያለሰልሳል፣ ከላይ ያለውን ያጠነክራል። በአንድ ምጣድ ውስጥ ብዙ ለስላሳና ጥቂት የሚንኮሻኮሽ ነገር ይገኛል ማለት ነው። ጥቂት በመሆኑም ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚጥለው በሱ ላይ ነው። በልጅነታችን የዳቦው ቅርፊት ይገባኛል እያልን ያልተጣላን ማን አለ?

አክስቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከወደ አሥር ሰዓት ሆኗል። ምጣዱን ከፈትኩት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ «አበጀህ! ምን ብታደርግበት ነው እንዲህ የወረዛው?» አሉኝ።

«የርስዎ ድርቆሽ ነው» አልኩ፣ ኩራት እየተናነቀኝ።

«ከጆንያው?»

«አዎን።»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «እሱ እኮ የተማሮች ነበር» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ያ አካባቢ የአብነት ትምህርት ሀገር ነው። የድጓው ማስመስከሪያ ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ ሁለቱም በዚያው በደቡብ ጎንደር ደጋ ናቸው። ይህ ሁሉ ዕውቀት ለዘመናት የቆመው በበጀት አይደለም፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከደጅ ቆሞ በሚለምን ልጅና በሩን ከፍታ ቁራሽ በምትሰጥ ሴት ነው። ልጁም ያገኘውን ቁራሽ ሁሉ በአንድ ቀን አይበላውም፤ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። የዓመት ቀለቡ ያ ነው። በ2008 ደግሞ በኤልኒኖ ሳቢያ ዝናቡ አንሶ፣ በሀገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር፤ ከደቡብ ጎንደርም በምሥራቅ በኩል ያሉት ወረዳዎች ተጎድተው ነበር። አክስቴ ክረምቱ ሲመጣ እጃቸው ባዶ እንዳይሆን፣ ከመስከረም ጀምረው በጋገሩ ቁጥር አንዳንድ እንጀራ እየነጠሉ ያደርቁ ኖሯል። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ የጆንያይቱን እኩሌታ ለጌጥ አዋልኩት።

አንባቢዬ፣ በዚያች ደቂቃ የኔ ትልቅ ጥያቄ ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ። ጣዕም ጾምን ያጎድላል ወይስ አያጎድልም? ከእንፍራዝ እስከ አቴና የዞርኩበት ጥያቄ ጆንያይቱ ፊት ስትቀርብ አፈረ። ለካስ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ አልነበረም። ከሱ አስቀድሞ «የማን ነው?» የሚል ሌላ አለ።

ያን እያሰብኩ ሳለ እንደ ታዘዘ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። አክስቴ ቢላዋ አነሡ። የምጣዱን ዙሪያ ቆርጠው፣ ቅርፊቱን ከነመዓዛው ገፈው፣ ኮባ ቅጠል ላይ አኖሩት። ጥቂት እንኳ አላስቀሩም። ቅርፊቱ ወደ ደጅ ሲሄድ ዓይኔ አብሮት ሄደ። ሌባው እኔ ስሆን የተበደልኩ መሰለኝ።

«ትንሽ ቢያስቀሩ ምን ነበረበት? እርስዎስ አልቀመሱት» አልኳቸው ሲመለሱ።

ጣታቸው ላይ የቀረችውን ፍርፋሪ ወደ አፋቸው ሰደዱ። «ቀመስኩት፤ ይጣፍጣል» አሉ። «ያልጣፈጠኝን ሰጥቼማ ምን ልባል?»

ከውጭ የልጁ ሳቅ ይሰማል። «እማማ! ይኼ ድርቆሽ አይደል እንዴ?» እያለ ነበር። በቀን በቀን የሚበላውን ነገር በማያውቀው መልክ አግኝቶት ገርሞታል። እኛም የቀረውን፣ ለስላሳውን ድንችና ጎመን በእንጀራ በላን። ጥሩ ነበር። የጎደለው ነገር ግን ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የአክስቴ አነጋገር የመጀመሪያውን መልስ ይገለብጠዋል። ጾም ጣዕም ከሌለበት ምኑን ነው የምንተወው? አሮ የወጣ ሽሮ ለተማሪው ብሰጥ የተውኩት ነገር የለም፤ ሸክሜን አቀለልኩ እንጂ። የምወደው፣ ዓይኔ የሚከተለው ነገር ከፊቴ ሲኖር ነው መተው የሚባል ነገር ትርጉም የሚያገኘው። ስለዚህ ምግብን አጣፍጦ መሥራት የጾም ጠላት አይደለም፤ ጾም የሚፈተንበትን ነገር ማዘጋጀት ነው። በቡሄ ሰሞን እናቶች ሙልሙል ሲጋግሩ ያልበሰለውን ወይም ያረረውን መርጠው ለሚጨፍሩት ልጆች አይሰጡም። ያ በዓል ትኩስ ዳቦ ከደጅ ለቆመ ልጅ የሚሰጥበት ቀን ነው።

ሁለተኛውንም መልስ ይነካዋል። ሕጉ ስለ ሥጋና ስለ ወተት ይናገራል፤ እኔም አንዱንም አልነካሁም። የነካሁት የሰው ቀለብ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ የሚያነሣው ጉዳይ ይኸው ነው። እየጾሙ በድሃ ላይ የሚከፉትን ይወቅሳል፤ የተመረጠ ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑን ያስታውሳል። መጽሐፉን ለሚያምንም ለማያምንም ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ከራሱ ላይ የቀነሰው ነገር የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። ከሆዴ የቀነስኩት ወደ ኪሴ ከተመለሰ፣ ወይም በሌላ መልክ ዞሮ ወደ ሆዴ ከገባ፣ ያደረግሁት ነገር ቁጠባ እንጂ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። «አንተ ምን ሰጠህ? ቅርፊቱ የተሠራው ከተማሪው ቀለብ ነው። አክስትህ የመለሱለት የራሱን ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። በዚያ ቀን ከኔ እጅ ምጽዋት አልወጣም፤ ዕዳ ተከፈለ። ያውም የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ከአንበሳሜ ወጥቶ ወደ ሌላውም ማዕድ ይከተለኛል። ከድንቹ ጀርባ እሱን ከደጋ ያወረደ ሰው አለ፤ ከሽንኩርቱ ጀርባ በፎገራ ሜዳ ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው አለ። «የኔ» የምለው ማዕድ ውስጥ የኔ ያልሆነው ድርሻ ስንት ነው? ጆንያይቱ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለች ብቻ አየኋት። በከተማ ጆንያይቱ አትታይም፤ ዕዳው ግን አለ።

ሽማግሌውም ቢሆኑ በከንቱ አልጠየቁም። ጣዕም አታላይ ነው። አንድ ጊዜ ከቀመሱት ጨምር ጨምር ይላል። እኔም ሁለት እፍኝ ብዬ ጀምሬ የጆንያዋ እኩሌታ ላይ የቆምኩት ለዚህ ነው። ፍርፋሪው በበዛ ቁጥር ያምር ነበርና። ይህን የሚገታ ነገር ከራሱ ከጣዕሙ ውስጥ አይገኝም። የሚገታው የሌላ ሰው መኖር ነው። አክስቴ ከቅዳሴ ቀድመው ደርሰው ቢሆን ኖሮ እጄ ሁለተኛው እፍኝ ላይ ይቆም ነበር፤ ምናልባትም ቅርፊቱ ሳሳ ይል ነበር እንጂ ምንም አይጎድለውም።

እንግዲህ ለሽማግሌው የማቀርበው መልስ ይህ ነው። አባቴ፣ መጣፈጡ ጾማችንን አላጎደለውም። ነገር ግን ያን ቀን ስድስት ሆነን ያን ሁሉ ትሪ ጨርሰን ስንነሣ፣ ደጃፋችን ተዘግቶ ነበር። ያስጨነቀዎ ነገር ያ ሳይሆን አልቀረም።

በከተማ ይህን መልስ በሥራ መተርጎም ከመናገር ይከብዳል። የቆሎ ተማሪ ድምፅ ከግንቡ ማዶ ቢጠራም ከፎቅ ቤት አይሰማም። ባለፈው ሑዳዴ ያንኑ ጋገራ ራሴ ሠራሁ፤ ድርቆሹንም ከገበያ በገንዘቤ ገዛሁ። ትሪውን ካወጣሁ በኋላ ትንሽ አመነታሁ፤ ቅርፊቱ እንዲያ ሲያምር መቁረጡ አሳዘነኝ። ከዚያ ከመካከሉ፣ ከጥሩው ቦታ ቆረጥኩና በሳህን አድርጌ ለግቢያችን ጥበቃ ወሰድኩለት። በዚያ በር ለስድስት ዓመት ጠዋትና ማታ ሰላም ተባብለናል።

ሳህኑን ተቀበለኝና አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለኝ።

የምለው አጣሁ።